ከመርሳ እስከ ወልድያ፦ ጥዱ የማን ነው?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፈን ወደ ውጫሌ ስንቃረብ የልጅ ልጄ አንድ ጨዋታ ፈጠረ። አሥር ዓመቱ ነው፤ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። በተራቆተ ኮረብታ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ባየ ቁጥር «ቤተ ክርስቲያን!» ብሎ ይጮኻል። ጠጋ ስንል እውነትም ከዛፎቹ መካከል ጉልላት ብቅ ይላል፤ እሱም አንድ ነጥብ ይይዛል። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። አንደኛው የመስጊድ ሚናራ ሆነ፣ ሌላኛው ደግሞ በዋርካ ጥላ ሥር ያለ የሙስሊሞች መቃብር። «ይኼስ ይቆጠርልኛል?» አለኝ። «ይቆጠርልሃል» አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ጥያቄው መጣ። «እማማ፣ ዛፍ ያለው ለምንድን ነው እዚያ እዚያ ብቻ የሆነው?» መልሱን የማውቀው መስሎኝ ጀመርኩና መሀል ላይ አቋረጥኩት።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የተማሪዎች የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሰሞን። መኪናውን የሚነዳው ልጄ ነው። የምንሄደው ሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙም ወደማይርቀው የእናቴ መንደር ነበር። ምክንያቱ የስልክ ጥሪ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከገና በፊት ደውሎ «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በአዲስ ሊሠራ ነው፤ የእናትሽም ማረፊያ ነውና እጅሽን ዘርጊ» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስቱ ትልልቅ ጥዶች ይነሣሉ፤ ቦታው ጠበበ» ሲል ዝም አልኩ። እናቴ የተቀበረችው ከአንደኛው ጥድ ሥር ነው።

ሐይቅ ላይ ለአንድ ሰዓት ቆመን ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ልጄና የልጅ ልጄ ገብተው ጎበኙ፤ ሴት ስለማይገባበት እኔ ከውሃው ዳር ቡናዬን ጠጣሁ። አልተከፋሁም። ጥቅጥቅ ያለውን ዛፍ ከሩቅ ማየትም ደስ ይላል። ውጫሌንም ቶሎ አለፍናት፤ ልጄ ስለ 1881ዱ ውል ለልጁ ሊያስረዳ ሞከረ፣ ልጁ ግን ዛፍ በመቁጠር ላይ ነበር።

መርሳ ከደሴ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከደጋው ነፋስ ወርዶ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው፤ ሁለተኛው ፍራፍሬው። በመንገዱ ዳርና ዳር ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ ተደርድሯል። በልጅነቴ ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ስንወርድ ወባው አያድርስ ነበር። ዛሬም የመርሳን ሙቀት ስቀበል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የኪኒን ምሬት ነው።

አጎቴ ሰማንያን አልፏል። ከደጁ ቆሞ ጠበቀን፤ ጉልበቴን የሚስመውን የልጅ ልጄን አንሥቶ ባረከውና በቀጥታ ወደ ዐጸዱ ወሰደን። ሌሎቻችሁም የገጠር ቤተ ክርስቲያናችሁን ዐጸድ ታስታውሱት ይሆናል፤ የእኛውም እንደዚያው ነው። ዙሪያውን ወይራ፣ ዋንዛና ብሳና፣ መሀሉን ጥድ፣ ከታች በኩል ደግሞ አጋም። ከቁልቁለቱ ሥር ምንጭ አለ፤ ከላይ ጠበል ይባላል፣ ትንሽ ዝቅ ሲል የመንደሩ ሁሉ መቅጃ ነው። ሦስቱ ጥዶች ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት ተደርጎባቸዋል። የልጅ ልጄ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንደኛውን ሊያቅፍ ሞከረ፤ ግማሹም አልደረሰለትም።

ምንጩ ቀጥኗል። እናቴ እንስራዋን ጥዳ ዘወር ብላ ሳትጨርስ ይሞላ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ቢጫ ጄሪካኖች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ ከጄሪካኖቹ አጠገብ ያሉት ሕፃናት ዓይን ላይ ዝንብ ሰፍሯል። የጤና ባለሙያ ዓይን መጥፎ ነው፤ ለጉብኝት ሄዶም ሥራውን አይተውም። ትራኮማን በመድኃኒት ብቻ አንጨርሰውም። ፊት መታጠቢያ ውሃ ያስፈልጋል፤ ያ ውሃ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ በክፍል ውስጥ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። እኔ የተማርኩት ወንዝ ዳር ነው፣ ከቤተ እስራኤል። ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ ከሀብሩ ወደ ጎንደር ልውሰዳችሁ።

በ1974 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ የተመደብኩት ጎንደር ዙሪያ ነበር። የክትባት ፕሮግራም በአገር ደረጃ ከተጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ የክትባት ሣጥናችንን በበቅሎ ጭነን ከመንደር መንደር እንዞራለን። ከምንሄድባቸው አንዷ አምቦበር ነበረች፣ ትልቅ የቤተ እስራኤል መንደር። አብራኝ የምትሠራው ጤና ረዳት የዚያው ልጅ ናት። ያኔ ሰዉ «ፈላሻ» ይላቸው ነበር፤ እነሱ ስሙን አይወዱትም፣ እኔም ከጓደኛዬ ተግሣጽ በኋላ ተውኩት።

ቤተ እስራኤል መንደራቸውን የሚመሠርቱት ወራጅ ውሃ አጠገብ ነው። ሬሳ የነካ፣ የወለደች፣ በወር አበባ ላይ የቆየች፣ ሳይታጠብ ከማኅበሩ አይቀላቀልም። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካም እንዲሁ። በመታጠባቸው ብዛት ጎረቤቶቻቸው «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» እያሉ ያሟቸው ነበር። እኛ ከትበን ስንነሣ አንዳንድ ሽማግሌዎች ወደ ወንዝ ሲወርዱ ሳይ መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ ከእኔ ንክኪ ሊነጹ ነው! እያደር ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ቀኑን ሙሉ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ» እያልኩ የምለፈልፍ ሴት፣ ታጠቡ ብዬ ልቀየም?

ይበልጥ የገረመኝ ውሃውን የሚጠብቁበት መንገድ ነው። የጓደኛዬ አያት ከመታጠቢያው በላይ ከብት የሚያስገባ እረኛ ካየች በድንጋይ ታባርራለች፤ የራሷ የልጅ ልጅም ቢሆን አትምርም። ወንዙ የማኅበሩ መግቢያ በር ነው፤ ከቆሸሸ ማንም ወደ ጸሎት ቤቱ አይደርስም። ጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉታል፤ የመስገጃ ቦታ ለማለት ነው።

ነገር አላሳምርም። ውሃውን እንጂ ዛፉን አልጠበቁትም። የአምቦበር ዙሪያ ኮረብታ ከማንኛውም የጎንደር ኮረብታ ያልተሻለ ራቁቱን የቆመ ነበር። ወንዶቹ ቀጥቃጮች ናቸው፣ ከሰል ይሻሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፣ ማገዶ ይሻሉ። ከዚያም በላይ ብዙዎቹ የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ርስት አልነበራቸውም። በሰው መሬት ላይ ለልጅ ልጁ ዛፍ የሚተክል ማን አለ?

በየዓመቱ በኅዳር ግድም፣ ከታላቁ የስርየት ጾማቸው በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሲግድ የሚባል በዓል አላቸው። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው በጥላ ታጅበው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም ጾሞ ይከተላል። ከምእመናኑ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ አሉ፤ የትሕትና ምልክት ነው። ያ ድንጋይ የተሸከመ ሰልፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም፤ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ስላለ ያዙልኝ።

ጓደኛዬ የሄደችው በግንቦት 16 እና 17፣ 1983 ነው፤ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በተወሰዱበት ጊዜ። እኔ ደግሞ በዚያው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወደ ሀብሩ መጣሁ። ኮረብታዎቹን ማመን አቃተኝ።

ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ ስንት እርከን እንደተሠራ፣ ስንት ችግኝ እንደተተከለ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። እህልና ዘይት እየተሰፈረ ሕዝቡ ቆፈረ፣ ተከለ፤ ኮረብታው ከግጦሽ ተከለለ። በሲሪንቃ በኩል ስናልፍ ደኑ ለዓይን ይሞላ ነበር። ሥራው ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሰዉ ያንን ደን «የመንግሥት ዛፍ» ይለዋል። መንግሥቱ ሲወድቅ ዛፉም ወደቀ። ከ1982 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙው ተቆርጦ ለቤት ማገርና ለማገዶ ሆነ። የሀብሩ ገበሬ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ተከልክሎ የቆየ ግጦሽ ነበር፣ ሳይጠየቅ የተወሰደ መሬት ነበር፣ የተቃጠለ ቤትም ነበር። በዚያው ክረምት ግን መጥረቢያው ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ዳር ሲደርስ ቆመ። መስጊዱም ጋር ቆመ። የልጅ ልጄ ከመኪና መስኮት የቆጠረው ይህንኑ ነው።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ዛፍ ማንም ብቻውን የማያዝበት ሲሆን ይቆያል። የዐጸዱን ጥድ ቄሰ ገበዙ ተነሥቶ ሊሸጠው አይችልም፣ ሊቀ መንበሩም አይችልም፤ ጉባኤ መቀመጥ አለበት፣ ጉባኤው ደግሞ የሞቱትንም ጭምር ይፈራል። የየጁ ምድር ሰው በዳናና በሌሎች የቀደሙ የእስልምና ትምህርት ቦታዎችም ይኸው ዓይነት ክብር አለው። ዛፍ ተክሎ ከፍሬው ወፍም ሰውም ቢበላ ለተካዩ ምጽዋት ሆኖ እንደሚቆጠርለት የመርሳ ሼኾች ሲያስተምሩ በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ኦሪቱም ሕግ አለው፦ በጦርነት ከተማ ስትከብ እንኳ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ አትቁረጥ ይላል ዘዳግም ምዕራፍ 20፤ ምድሪቱም በሰባተኛው ዓመት ትረፍ ይላል ዘሌዋውያን። ይህን ኦሪት የአምቦበር ቄሶች በግእዝ ያነቡታል፣ የእኛም ቄሶች በግእዝ ያነቡታል።

ግን አሁን ጉባኤው ራሱ ቢወስንስ? ቀይ ቀለሙን የቀባው ሌባ አይደለም።

ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ በሦስቱ ጥዶች ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሌላ ጥላ ስለሌለ ነው። ስለ መዋጮው ሲነሣ እኔም እጄን አነሣሁ። ከከተማ የመጣ ሰው ምክር እንደማይወደድ ስለማውቅ ቀስ ብዬ ነው የጀመርኩት። ስለ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነገርኳቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «እመጓ»ን በመጻፉ ነው፤ ሙያው ግን የደን ሳይንስ ነው፣ የዶክትሬት ጥናቱንም በ2007 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሆላንድ ውስጥ የሠራው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,400 በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች አሉ። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው፣ ሕዝቡ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ እያመጣ በደኑ ዙሪያ ካብ እንዲክብ አደረጉ። ከብት መግባት ሲያቆም ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ችግኝ በራሱ በቀለ። የእኛ ዐጸድ ውስጥ ከአሥር ዓመት በታች የሆነ አንድ ጥድ አሳዩኝ አልኳቸው። ዙሪያውን አዩ። የለም። ፍየል ይበላዋል፤ ፍየል ያልበላውን ደግሞ ለበዓል ግቢ ስናጸዳ እኛው እንመነጥረዋለን። ያሉት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፣ ልክ እንደ እኛ።

ሳቁ። አጎቴ ግን አልሳቀም።

«ልጄ፣ አንቺ አዲስ አበባ የማያፈስ ጣሪያ አለሽ» አለኝ። «ክረምት መጥተሽ ማኅሌቱ ላይ ዝናብ ሲወርድ አይተሻል? ልጆቹ የሚማሩት ከደጅ ነው። ጥዱንም ወደ ውጭ አንሸጠው፤ ምሰሶና በር ይሆናል፣ እዚሁ ይቆያል። በቦታው ባሕር ዛፍ እንተክላለን፣ ለመብራትና ለዕጣን ገቢ ይሆነናል።» ልክ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። እኔም መልስ አልነበረኝም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ገንዘብ ይሆናል፤ ያንን ጥድ የሚያህል ጥድ ግን የልጅ ልጄም አያየው።

ከሰዓት በኋላ ምንጩ ጋ ወረድኩ። አንዲት የእናቴ ጎረቤት የነበሩ እናት፣ ሙስሊም ናቸው፣ ጄሪካናቸውን እየጠበቁ ነበር። ሁለቱ ቤተሰብ ከአያት ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው፤ አባታቸው ለቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ሥራ ድንጋይ ያመላለሱ ሰው ናቸው። እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት። «ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ወላሂ ዛፉ የእናንተ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ። ግን የላዩን ዐጸድ ስትነኩ ታች ያለነውን አንድ ቃል መጠየቅ አልነበረባችሁም? ውሃውን የምንጠጣው እኛ ነን።»

ሦስት ጥድ ስለተቆረጠ ብቻ ምንጭ አይደርቅም፤ ይህን ብል ውሸት ይሆናል። ምንጩ የቀጠነው ከዐጸዱ በላይ ያለው ኮረብታ ራቁቱን ስለቀረና ዝናቡ ሳይሰርግ ጎርፍ ሆኖ ስለሚወርድ ነው። ዐጸዱ የቀረው የመጨረሻ ስፖንጅ ነው። የወደቀው ቅጠል፣ የበሰበሰው ቅርንጫፍ፣ እኛ «ቆሻሻ» ብለን የምንጠርገው ሁሉ ውሃ ይይዛል። ይህንን ለማታው ጉባኤ ነገርኳቸው፤ የእትዬንም ቃል አደረስኩ። አንድ ወጣት ዲያቆን ብቻ «እውነታቸውን ነው» አለ። ሌላው ሰው ዝም አለ።

በማግስቱ በጠዋት ወደ ወልድያ ጉዞ ጀመርን። ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሪንቃ ላይ ከግብርና ምርምር ማዕከሉ ባሻገር ባለው ኮረብታ ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ ጥርና የካቲት የተፋሰስ ሥራ ወቅት ነው። የልጅ ልጄ እጁን አውለበለበላቸው። በዚያ ቀን ነጥብ መያዙን ትቶ ነበር።

ወልድያ ደረስን። ዙሪያዋን ተራራ የከበባት፣ አንዱ መንገድ ወደ መቀሌ፣ ሌላው ወደ ላሊበላ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ትልቁ ስታዲየም ከሩቅ ይታያል። ልጁ ስታዲየሙን ካላየሁ አለ፤ ወሰድነው። እኔ ዓይኔ ያረፈው ከተራራው ማገዶ ተሸክመው በሚወርዱት ሴቶች ላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዋ በጦርነቱ ውስጥ ለወራት ያለ መብራት ስትቆይ ሰዉ ያገኘውን እያነደደ እንደከረመ ዘመዶቼ ነገሩኝ። የራበው ልጅ ያለው ሰው ዛፍ አይቆጥርም። እንደዚያም ሆኖ፣ ያረፍንበት ቤት ባለቤት «የደብሩን ግን አልነካነውም» አለችኝ፤ ማንም ሳይጠይቃት ነው ያለችው።

ወልድያ ዘመድ ጋ ሳምንት ቆየን። ጥር 29 ማለዳ ስልኬ ጠራ። ያቺ የአምቦበር ጓደኛዬ ናት፤ አሁን ቤርሼባ ትኖራለች፣ ጡረታ ወጥታለች። «ዛሬ የዛፎች አዲስ ዓመት ነው» አለችኝ። ቱ ቢሽቫት ይሉታል። እኛ አገር ሳሉ ይህን በዓል አያውቁትም ነበር፤ የረቢዎቹ ሥርዓት ነው፣ የቤተ እስራኤል ቄሶች ደግሞ የያዙት ኦሪቱን ብቻ ነበር። እዚያ ሄዳ ነው የለመደችው። ያለፈው ዓመት የምድር ዕረፍት ዓመት ስለነበር ዛፍ አልተተከለም፤ ዘንድሮ ልጆቹ ችግኝ ይዘው ወጥተዋል። አሰብኩት፦ የእነሱ ምድር ያረፈችበት ዓመት የእኛ የተቃጠለችበት ነው።

ከፎቅ ቤቶቹ መሀል ለኢትዮጵያውያን አዛውንቶች የተሰጠ ቁራሽ መሬት አለ አለችኝ። በቆሎ፣ ጤና አዳም፣ ጎመን፣ ቃሪያ ይተክላሉ። ዕብራይስጡ አልገባ ብሏቸው ቤት ውስጥ ተኮራምተው የነበሩ እናቶች ሰው የሆኑት እዚያ ነው አለችኝ። ነርስ ስለሆንኩ አመንኳት። በዕድሜ የገፋ ሰው ውሃ የሚያጠጣው ነገር ሲኖረው በጠዋት ይነሣል፤ ይህን በራሴም አይቼዋለሁ። «አምቦበር ያለው ወንዛችን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሄደች ወዲህ ስንት ጊዜ እንደጠየቀችኝ አላስታውስም። እኔም ሄጄ አላየሁትም፤ ያባራሪዋ አያት ቦታ ግን ባዶ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ያ ቀን ለእኛም የጾመ ነነዌ የመጀመሪያው ቀን ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ የዮናስ ታሪክ ተነበበ። ልጁ ዓሣ አንባሪው ላይ ነው ልቡ። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ነበርኩ፤ ዮናስ ጥላ ስለሆነችውና በአንድ ሌሊት ስለደረቀችው ቅል ያዘነበት፣ ያልተከላትና ያላሳደጋት ቅል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ያዋጣሁትን ገንዘብ ላክሁ። ለአጎቴም እንዲህ አልኩት፦ ግማሹ ለጣሪያው፣ ግማሹ ለካብ። ካቡ ሳይጀመር ግማሹ እንዳይነካ። ተቆጣኝ፤ «ለእግዜር ቤት ሲሰጡ እንዲህ ነው የሚሰጠው?» አለ። ሁለት ሳምንት ሳይደውል ቆየ። ከዚያ አንድ እሑድ ደወለ። ዲያቆኑ ወጣቶቹን ሰብስቦ ከማሳው ድንጋይ ማስለቀም ጀምሯል። የእትዬ ልጆችም በሁለት አህያ እያመላለሱ ነው፤ በታችኛው በኩል፣ በምንጩ አቅጣጫ፣ ካቡ እስከ ጉልበት ደርሷል። ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመጡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድንጋይ ይዘው ይወጣሉ አለኝ። የአምቦበሩ ተራራ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

«ጥዶቹስ?» አልኩት።

«ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ ይቀመጣል» አለ። «ቀለሙ እንዳለ ነው።»